የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ተራራው የሰጠውን ጣዕም ቤተሰቡ እንዴት ይጠብቀው?

ባለፉት ወራት በተራራማ ቦታ ላይ ቡና ከሚያመርቱ ቤተሰቦች በርካታ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ከወላጆቻቸው በተረከቡት ማሳ ላይ የሚሠሩ፣ ቡናቸውን ከተራው ቡና ለይተው በጣዕሙ ለመሸጥ የወሰኑ፣ ነገር ግን ከመንገዱ መሐል ላይ የተቸገሩ ናቸው። ስለዚህ የዚህን እትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የቤተሰባችን የቡና ማሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ይገኛል። የሚያውቁን ሁሉ በዚህ ከፍታ የበቀለ ቡና ያለ ጥርጥር ስፔሻሊቲ፣ ማለትም በጣዕሙ ከተራው የተለየ ቡና፣ ነው ይሉናል። ለቅምሻ ምርመራ የላክነው ናሙና ግን ከ100 ነጥብ 78 ብቻ አግኝቶ ተመለሰ። ከፍታው ለምን አልበቃንም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከፍታው የራሱን ድርሻ የተወጣ ይመስለኛል፤ ነጥቡ የጎደለው ፍሬው ከዛፉ ከተለቀመበት ሰዓት ጀምሮ ባለው ሥራ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ከፍታ ለቡና የሚያደርገው ዋናው ውለታ ፍሬው ሳይቸኩል እንዲበስል ማስቻሉ ነው። በየ100 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። አማካይ የዓመት ሙቀቱ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ በሆነ ቦታ የሚስማማው የአረቢካ ቡና፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ተራራ ላይ ፍሬውን ለማብሰል ከዝቅተኛው ቦታ ይልቅ ረዘም ያሉ ሳምንታትን ይወስዳል፤ በእነዚያ ሳምንታትም ፍሬው ይጠጥራል፣ ለጣዕሙ ሕይወት የሚሰጡት ንጥረ ነገሮችም በውስጡ ይጠራቀማሉ። ይሁን እንጂ የሜትሩ ቁጥር ብቻውን ምስክር አይሆንም። ወሳኙ ሙቀቱ ስለሆነ፣ ከምድር ወገብ እየራቅን ስንሄድ ተመሳሳይ ቅዝቃዜ በዝቅተኛ ቦታም ይገኛል። በሃዋይ ደሴቶች ስመ ጥር የሆነው የኮና ቡና ከ1,000 ሜትር በታች ባሉ ተዳፋቶች ላይ የሚበቅለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስፔሻሊቲ ቡና የሚለውን ስያሜ በ1974 እ.ኤ.አ. በንግድ መጽሔት ላይ በመጠቀም ያስተዋወቁት ኤርና ክኑትሰን የተባሉ የቡና ነጋዴ እንደሆኑ ይነገራል፤ የተለየ የአየር ጠባይ ያለው ቦታ የተለየ ጣዕም ያለው ቡና ይሰጣል የሚለው ሐሳብም ከእርሳቸው ጋር ተያይዞ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ግን ንግዱ ይህን ሐሳብ በመለኪያ አሰረው። ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ በቆየው አሠራር መሠረት አንድ ቡና ስፔሻሊቲ የሚባለው በሠለጠኑ ቀማሾች ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ሲያገኝ ነው። ከዚህም በተጨማሪ 350 ግራም በሚመዝን የጥሬ ቡና ናሙና ውስጥ ከባድ ከሚባሉት ጉድለቶች፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ፣ ከኮመጠጠ፣ ከሻገተ ወይም በነፍሳት ክፉኛ ከተበሳ ፍሬ፣ አንድም እንዳይገኝበት፣ ቀላል የሚባሉት ጉድለቶችም ተቆጥረው ከ5 እንዳይበልጡ ይጠበቃል። የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቡናውን አካላዊ ይዞታ፣ የጣዕሙን ገለጻና የቀማሹን ምርጫ ለየብቻ የሚመዘግብ አዲስ የምዘና ሥርዓት ማስተዋወቁ መልካም እርምጃ ነው፤ ገዢዎች ግን ዛሬም ድረስ 80 የሚለውን ቁጥር እንደ በር ይጠቀሙበታል።

ስለዚህ ከነጥቡ ይልቅ ከጎኑ የተጻፈውን አስተያየት እንዲያነቡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ቀማሾቹ አፍ የሚያደርቅና የሚኮማትር ስሜት መኖሩን ጽፈው ከሆነ፣ ያልበሰለ ፍሬ ከበሰለው ጋር ተቀላቅሎ ገብቷል ማለት ነው። የሆምጣጤ ወይም የተበላሸ ፍራፍሬ ሽታ ከተጠቀሰ፣ የተለቀመው ቡና ሳይፈለፈል አድሯል፣ አለዚያም በቡናው ላይ ያለው ልጋግ እንዲለቅ በሚደረግበት የማብላያ ገንዳ ውስጥ ከሚገባው በላይ ቆይቷል። የጆንያ ወይም የገለባ ጣዕም ከተባለ ደግሞ ችግሩ የአደራረቅና የአቀማመጥ ነው። በ78 እና በ80 መካከል ያለው ርቀት በአብዛኛው በአንድ የምርት ወቅት ሊታረም የሚችል ነው፤ ይህን የምልዎ ለማጽናናት ብዬ አይደለም።

ጥያቄ፦ አባታችን ዕድሜያቸውን በሙሉ ቡና ያመረቱ ሰው ናቸው። ለቀማው በአንድ ጊዜ ተጠናቆ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ፤ እኔና ወንድሜ ግን ቀዩን ብቻ እየመረጥን ደጋግመን መልቀም እንዳለብን አንብበናል። አባታችንን ሳናስቀይም እንዴት እናሳምናቸው? ለሠራተኛ የሚወጣው ወጪስ ይመለሳል ወይ?

መልስ፦ ቡና የሚያብበው ከደረቅ ወቅት በኋላ ዝናብ ሲያገኝ ነው፤ በተራራ ላይ ደግሞ ዝናቡ ተከፋፍሎ ስለሚመጣ አበባውም በየተራ ይወጣል። በዚህ የተነሳ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይና የደረቀ ፍሬ በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው ይታያሉ። አንድ ዙር ብቻ የሚለቅም ሰው እነዚህን ሁሉ በአንድ ቅርጫት ለመሰብሰብ ይገደዳል። አረንጓዴው ፍሬ ስኳሩን ስላላጠራቀመ ሲቆላ ከሌሎቹ ጋር አይቀላም፤ ገርጥቶ ይቀራል፣ ሲጠጣም የለውዝ ልጣጭ የመሰለ ምሬት ይሰጣል። ጥቂት የገረጡ ፍሬዎች የአንድ ሲኒ ጣፋጭነትን ለማጥፋት ይበቃሉ። ከሦስት እስከ አምስት ዙር መልቀም የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ወጪውን በተመለከተ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። 1 ኪሎ ግራም ጥሬ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ግራም ቀይ ፍሬ ያስፈልጋል፤ ለቃሚው የሚከፈለው በኪሎ ብቻ ከሆነ ደግሞ መምረጥ ጊዜውን ስለሚወስድበት ኪሳራው በእርሱ ላይ ይወድቃል። በመሆኑም እንዲመርጡ እየጠየቁ ክፍያውን በነበረበት መተው ፍትሐዊም አይደለም፣ ውጤትም አያመጣም። አንዳንድ ቤተሰቦች የቀን ክፍያ ይመርጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ በየዕለቱ ከእያንዳንዱ ቅርጫት 100 ፍሬ ቆጥረው ከ95 በላይ የበሰለ የተገኘበትን ለቃሚ በኪሎ ተጨማሪ ይከፍሉታል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ለቃሚው ራሱ የጥራቱ ተካፋይ ይሆናልና። ምሽት ላይ የተለቀመውን ፍሬ በንጹሕ ውኃ ውስጥ መጨመርም አይዘንጋ። ባዶው፣ የተበሳውና የደረቀው ይንሳፈፋል፤ እርሱን ገፍፎ ማውጣት ብዙ ድካም የሚያስቀር ርካሽ ሥራ ነው።

አባትዎን በክርክር ለማሳመን አይሞክሩ። አንድ ረድፍ ዛፍ እርሳቸው በመረጡት መንገድ፣ ቀጥሎ ያለውን ረድፍ ደግሞ እናንተ ባላችሁት መንገድ ለቅማችሁ፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት አድርቃችሁ፣ በአንድ ቀን ቆልታችሁ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳትነግሯቸው አቅርቡላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና የጠጡ ሰው ልዩነቱን ይለዩታል ብዬ አምናለሁ። ከዚያም በላይ የእርሳቸውን ዕውቀት ትፈልጉታላችሁ፦ የትኛው ተዳፋት ቀድሞ እንደሚበስል፣ ጉሙ የት እንደሚዘገይ፣ ነፋሱ ከየት በኩል አበባውን እንደሚያረግፍ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው፤ የለቀማው ዙር የሚታቀደውም በዚሁ ዕውቀት ነው። የእርሳቸው አሠራር ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። በወቅቱ ማብቂያ ላይ በዛፉ የቀረውንም መሬት የወደቀውንም ፍሬ አንድ ሳያስቀሩ መልቀም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ፍሬ የሚበሳው ጥንዚዛ በቀረው ፍሬ ውስጥ ተጠልሎ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ያ የመጨረሻው ለቀማ ግን ለብቻው ተዘጋጅቶ እንደ ተራ ቡና መሸጥ ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ ውኃ የምናገኘው በጥቂቱ ነው። ጎረቤቶቻችን ቡናቸውን አጥበው ያዘጋጃሉ፤ እኛ ግን ከነልጣጩ በፀሐይ አድርቀን ጀንፈል ማድረግ ቀላል መስሎን ነበር። ዓምና ግማሹ ሻገተብን። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ጉም ይወርድብናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከነልጣጩ የሚደርቅ ቡና ውኃ አይጠይቅም፤ ነገር ግን በውኃው ምትክ ፀሐይና ንቁ ጉልበት ይጠይቃል። ሙሉው ፍሬ ለመድረቅ እንደ አየሩ ሁኔታ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። በእነዚህ ቀናት ሁሉ ጣፋጩና እርጥቡ ልጣጭ ለሻጋታ የተመቸ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም የሚወርድበት ተራራ ለዚህ ዘዴ አስቸጋሪ ቦታ ስለሆነ፣ የደረሰባችሁ ጉዳት ከስንፍና የመጣ አይመስለኝም።

ለእናንተ ሁኔታ የሚስማማው መካከለኛው መንገድ ነው ብዬ አስባለሁ፤ በሙያው ሃኒ እየተባለ ይጠራል፣ ትርጉሙም ማር ማለት ነው። ፍሬው በተለቀመበት ቀን ይፈለፈላል፤ በቡናው ገለፈት፣ ማለትም ከልጣጩ ሥር ቡናውን በሸፈነው ቅርፊት፣ ላይ የሚቀረው የሚያዳልጥ ጣፋጭ ልጋግ ግን ሳይታጠብ አብሮ ይደርቃል። ገንዳ ሞልቶ ማብላላትና በብዙ ውኃ ማጠብ ይቀራል፤ የውጩ ልጣጭ ስለተወገደም የመድረቂያው ጊዜ ከጀንፈሉ ያነሰ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ወሳኝ ናቸው። ቡናው ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወይም የመረብ አልጋ ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት ተሰጥቶ፣ ልጋጉ እስኪጠነክር ድረስ በየሰዓቱ መገላበጥ አለበት። ይህን የሚያደርግ ሰው ከቤተሰቡ አስቀድሞ ካልተመደበ ዘዴውን ባትጀምሩት ይሻላል።

ጎረቤቶቻችሁን ተከትላችሁ ወደ ማጠቡ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። በቀዝቃዛ ተራራ ላይ ማብላላት ከሞቃታማው ቦታ ይዘገያል፤ በአንዱ ቦታ 12 ሰዓት የሚበቃው በሌላው ከ36 ሰዓት በላይ ሊፈልግ ስለሚችል፣ ሰዓት ብቻ እየቆጠራችሁ አትወስኑ። ከገንዳው ጥቂት ቡና አውጥታችሁ በውኃ እያጠባችሁ በመዳፋችሁ እሹት፤ ማዳለጡን ትቶ እንደ ጠጠር ሲሻክርና ሲንኳኳ ደርሷል። ሁለተኛው የፍሳሹ ጉዳይ ነው። የቡና እጣቢ ኮምጣጣና በስኳር የተሞላ ስለሆነ ወንዝ ውስጥ ሲገባ የውኃውን ኦክስጅን ያሟጥጠዋል፤ ከእናንተ በታች ያሉ ሰዎችና ዓሦች ይጎዳሉ። ጉድጓድ ተቆፍሮ እንዲሰርግ ወይም በሣር በተተከለ መስክ ላይ እንዲያልፍ ይደረግ። ልጣጩ ከእበትና ከቅጠል ጋር ሲብላላ ለማሳው መልካም ኮምፖስት ይሆናል።

በየትኛውም ዘዴ ብትሠሩ ጉሙ ከመውረዱ በፊት አልጋው ይሸፈን፣ በእኩለ ቀን ኃይለኛ ፀሐይም ገለፈቱ እንዳይሰነጠቅ ጥላ ይደረግለት። የቡናው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ሥራው አበቃ፤ ከ12 በመቶ በላይ ሆኖ የተከማቸ ቡና ሊሻግት፣ አንዳንዱ ሻጋታም ለጤና ጎጂ የሆነ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የእርጥበት መለኪያ ለመግዛት ጊዜ የሚፈልግ ቤተሰብ እስከዚያው በሚዛን መመራት ይችላል። ታጥቦ ውኃው የተንጠፈጠፈ 1 ኪሎ ግራም ቡና በመረብ ከረጢት አድርጋችሁ ከሌላው ጋር አልጋው ላይ አስቀምጡና በየማታው መዝኑት፤ ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ እምብዛም በማይበልጥበት ቦታ ሲቆም ወደ ፍጻሜው ቀርቧል። ይህ ግምት እንጂ መለኪያ ስላልሆነ፣ ከመሸጥ በፊት በመሣሪያ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ ቡናችን በተመረተ በሁለተኛው ወር ገዢዎች አደነቁት፤ ከስምንት ወር በኋላ ያው ቡና ምንም ጣዕም የለውም ተባልን። ዋሽተውናል?

መልስ፦ የዋሹ አይመስለኝም። ጥሬ ቡና ከአየሩ እርጥበት ይቀበላል፣ ይሰጣልም፤ ገለፈቱ በተወገደለት ቡና ላይ ይህ ፈጥኖ ይታያል። ቡናውን እስከሚሸጥበት ጊዜ ከነገለፈቱ ወይም ከነጀንፈሉ አቆዩት፤ ከግድግዳና ከወለል አርቃችሁ በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሩት፤ የክፍሉ የአየር እርጥበት 60 በመቶ አካባቢ ቢሆን መልካም ነው። አየር የማያስገባ ከረጢት በጆንያው ውስጥ መጨመር የጣዕሙን ዕድሜ በብዙ ወራት ያራዝማል። ከነዳጅ፣ ከማዳበሪያና ከሽንኩርት ጋር ግን በአንድ ጣሪያ ሥር አይደር።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ ያረጁትን ዛፎች በሙሉ ነቅለን የጌሻን ዝርያ ካልተከልን እያለ ነው። በዓለም ላይ በውድ ዋጋ የሚሸጠው እርሱ ነው ይላል። እኔ ደግሞ እነዚህን ዛፎች የተከሉት አያቴ ናቸው። ማን ትክክል ነው?

መልስ፦ ልጅዎ የሚያደንቀው ታሪክ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ በሙሉ ሲነገር የእርስዎንም ሐሳብ የሚደግፍ ይመስለኛል። የጌሻ ዘር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ተሰብስቦ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች ተወሰደ፤ ከዚያም በ1953 እ.ኤ.አ. ኮስታሪካ ወደሚገኘው የምርምር ማዕከል ደረሰ፣ በ1960ዎቹም ፓናማ ገባ። የገባው ለጣዕሙ አልነበረም፤ የቅጠል ዝገት በሽታን ይቋቋማል ተብሎ ስለታመነ ነው። ምርቱ አነስተኛ፣ ቅርንጫፉም ተሰባሪ ስለሆነ ብዙ ገበሬዎች ችላ አሉት። ለ40 ዓመት ያህል ከሌሎች ዛፎች ጋር ተደባልቆ፣ ፍሬውም ከሌላው ፍሬ ጋር በአንድ ጆንያ እየገባ ኖረ።

በፓናማ ቦኬቴ በተባለው ተራራማ አካባቢ የፒተርሰን ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ላ ኤስሜራልዳ የተባለ እርሻ አለ። የቤተሰቡ አባላት የእርሻቸውን ቡና እንደ ወትሮው አደባልቀው ከመቅመስ ይልቅ እያንዳንዱን የማሳ ክፍል ለየብቻ አዘጋጅተው ቀመሱት። ከከፍተኛው ክፍል የመጣው ቡና የአበባና የሎሚ ዘመዶች መዓዛ ያለው፣ ከሌላው ጋር የማይመሳሰል ሆኖ ተገኘ፤ ምንጩም እነዚያ ችላ የተባሉት የጌሻ ዛፎች ነበሩ። በ2004 እ.ኤ.አ. ለአገሪቱ የቡና ውድድር አቀረቡትና አንደኛ ወጣ፤ በጨረታውም ከዚያ በፊት ያልታየ ዋጋ አገኘ። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚያስደንቀኝ ከዝርያው ይልቅ የቤተሰቡ መለየት ነው። ሀብቱ ለዓመታት በእጃቸው ነበር፤ የተገለጠላቸው በየማሳው ለይተው በቀመሱ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ከመንቀል በፊት አያትዎ የተከሏቸውን ዛፎች ለይታችሁ ቅመሱ። የላይኛውን፣ የታችኛውንና ፀሐይ መውጫ የሚያየውን ክፍል እያንዳንዱን ለየብቻ ለቅማችሁ፣ ለየብቻ አድርቃችሁ፣ በየከረጢቱ ላይ የቦታውንና የቀኑን ስም ጻፉ። ያረጀ ዛፍ ማለት የማይጠቅም ዝርያ ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የደከመው ግንዱ እንጂ ሥሩ ስላልሆነ፣ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ በሰያፍ ተጎንድሎ ከሚያወጣቸው ቡቃያዎች ጠንካሮቹ ቢጠበቁለት እንደገና ያፈራል። ማሳውን በሙሉ በአንድ ዓመት መጎንደል ቤተሰቡን ያለ ገቢ ስለሚያስቀር በየዓመቱ አንድ አራተኛውን ወይም አንድ አምስተኛውን ብቻ ጎንድሉ። ለልጅዎ ደግሞ በከፍተኛው ቦታ ላይ ትንሽ መሬት ይስጡትና ጌሻውን ከታመነ ምንጭ በተገኘ ችግኝ ይሞክረው። ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ዝርያውም ቦታው ካልተስማማው በጣዕሙ ተራ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ። የወጣትን ጉጉት ሙሉ በሙሉ መከልከል እርሻውን ነገ የሚረከበውን ሰው ማራቅ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ የቤቱ ሴት ልጅ ነኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ቡናውን በአልጋ ላይ የማገላብጠው፣ የሠራተኞቹን ሒሳብ የምይዘው፣ ከረጢቶቹን የምመዘግበው እኔ ነኝ። ገዢዎች ሲመጡ የሚያነጋግራቸው ወንድሜ ነው፤ እርሻውም የእርሱ እንደሆነ ነው የሚነገራቸው። ደመወዝ የለኝም፤ ብጠይቅ የቤተሰብ ሥራ ነው እባላለሁ። ቤተሰቤን እወዳለሁ፣ ሥራውንም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ትቼው ለመሄድ እያሰብሁ ነው።

መልስ፦ እኅታችን፣ ደብዳቤሽ ከደረሱን ሁሉ ረጅም ጊዜ ያሳሰበን ነው። በመጀመሪያ የምልሽ፣ የተሰማሽ ነገር ከስስት የመጣ አለመሆኑን ነው። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በቡና ምርት ላይ ከሚውለው ጉልበት እስከ 70 በመቶ የሚደርሰው የሴቶች እንደሆነ፣ በሴቶች የሚመሩት እርሻዎች ግን ከ20 እስከ 30 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ገልጿል። አንቺ የጻፍሽው ነገር በብዙ አገሮች ተራሮች ላይ በየቤቱ አለ ማለት ነው።

ጉዳዩን ለቤተሰብሽ ስታቀርቢ ከፍቅር መጠንና ከውለታ ክርክር ይልቅ ከሒሳብ መዝገቡ ብትጀምሪ ይሻላል፤ መዝገቡ በእጅሽ ነው። አንድ የምርት ወቅት በሙሉ የእያንዳንዱን የቤተሰብ አባል የሥራ ቀን፣ የአባትሽን፣ የእናትሽን፣ የወንድምሽንና የራስሽን፣ ለተቀጠረ ሠራተኛ በሚከፈለው መጠን አስልተሽ ከሌላው ወጪ ጋር ደምሪው። ብዙ የቤተሰብ እርሻዎች አትራፊ የሚመስሉት ይህ ወጪ ስላልተጻፈ ነው። በመዝገቡ የሚታየው ትርፍ የአንድ ሰው ያልተከፈለ ደመወዝ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ቡናውን ከዋጋው በታች እየሸጠ ነው ማለት ነው፤ ይህን ማወቅ ደግሞ ከገዢ ጋር ለሚደራደረው ለወንድምሽም ይጠቅመዋል። ወዲያው ደመወዝ መክፈል የሚያስችል ገንዘብ ከሌለ፣ ከሽያጩ የተወሰነ ድርሻ በስምሽ እንዲቀመጥ ወይም አንድ የማሳ ክፍል ምርት ያንቺ እንዲሆን መጠየቅ ትችያለሽ።

ሁለተኛው የስምሽ ጉዳይ ነው፤ እኔ ከገንዘቡ አሳንሼ አላየውም። የቡናው ጣዕም ከዓመት ዓመት ሳይለዋወጥ የሚቆየው በማድረቂያው አልጋ ላይ በሚሠራው ሥራ ነው፤ ያ ሥራ ያንቺ ነው። የስፔሻሊቲ ቡና ገዢ ደግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች፣ ስንት ቀን ደረቀ፣ ማታ ምን ተሸፈነበት፣ ይህ ከረጢት ከየትኛው ክፍል መጣ የሚሉት ሁሉ፣ ወንድምሽ አንቺን ጠይቆ ካልሆነ በቀር ሊመልሳቸው የማይችል ናቸው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉብኝት አብረሽ እንድትቀመጪ፣ በናሙናው ወረቀት ላይም የአዘጋጅነት ስምሽ እንዲጻፍ ጠይቂ። ወንድምሽን ብቻውን አግኝተሽ አስቀድመሽ ብታነጋግሪው በሰው ፊት ከመገረም ይድናል፤ ምናልባትም ከሁሉ ቀድሞ የሚደግፍሽ እርሱ ይሆናል።

ሦስተኛው ብዙ ቤተሰቦች የሚሸሹት ነገር ነው። ወላጆቻችሁ በሕይወትና በጤና ሳሉ የማሳው ድርሻ እንዴት እንደሚሆን በጽሑፍ ይታወቅ። መሬቱ በኋላ በጠብ ከተከፋፈለ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው አንድ ጥሩ የቡና መደብ፣ ማለትም በአንድነት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቡና፣ ለማዘጋጀት የማይበቃ ሊሆን ይችላል። መሬቱ ተከፍሎም ቢሆን መፈልፈያው፣ የማድረቂያው ቦታና መጋዘኑ በጋራ እንዲቆዩ፣ ማን ምን እንደሚወስንም በግልጽ እንዲሰፍር መስማማት ይቻላል። እነዚህን ነገሮች በአክብሮት ጠይቀሽ ሁሉም ከተዘጋብሽ፣ ለመሄድ መወሰንሽ ቤተሰብን መክዳት አይሆንም፤ ስድስት ዓመት የተማርሽው ሙያ የትም ሄደሽ የሚያስቀጥርሽ ነው። እኔ ግን መዝገቡን ከፍተሽ ከማሳየትሽ በፊት እንዳትሄጂ እለምንሻለሁ።

ጥያቄ፦ ለገዢ ናሙና ስንልክ ምን ያህል እንላክ? ምንስ እንጻፍበት?

መልስ፦ ብዙ ገዢዎች ከ300 እስከ 500 ግራም ጥሬ ቡና ይበቃቸዋል። ናሙናው ከሚሸጠው መደብ ከሁሉም ከረጢቶች ጥቂት ጥቂት ተወስዶ የተደባለቀ ይሁን፤ ከሁሉ ያማረውን ከረጢት መርጦ መላክ በመጨረሻ ጭነቱ ሲደርስ ተመላሽ የሚያደርግ ስሕተት ነው። በወረቀቱ ላይ የማሳውን ክፍል፣ ከፍታውን፣ ዝርያውን፣ የተለቀመበትን ቀን፣ የአዘገጃጀቱን ዘዴ፣ የደረቀበትን የቀናት ብዛት፣ የተለካውን እርጥበትና በዚህ መደብ ያለውን ጠቅላላ ኪሎ ጻፉ። ከምትልኩት ጋር እኩል የሆነ መጠን አየር በማያስገባ ከረጢት አሽጋችሁ፣ ያንኑ ወረቀት ገልብጣችሁ ለጥፋችሁበት፣ በቤታችሁ አስቀሩ። የገዢው አስተያየት ሲመጣ ያን ከረጢት ከፍታችሁ፣ ቆልታችሁ፣ ደብዳቤውን ከፊታችሁ አድርጋችሁ መላው ቤተሰብ አብራችሁ ቅመሱት።